የራስ ቅሉ የተሰበረው አጥቂ፦ ራውል ሂሜኔዝ ምን ደረሰበት? እንዴትስ ተመለሰ?

ኅዳር 20 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የጽዮን ዋዜማ፣ እሁድ ማታ አራት ሰዓት ከሩብ። ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት እንደወትሮው የአርሰናል ደጋፊ ይበዛበታል። ጨዋታው በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ አርሰናል የማዕዘን ምት አገኘና ኳሷ ወደ ቅርቡ ቋሚ ተሻማች። ሁለት ሰዎች እኩል ዘለሉ። አንዱ የአርሰናሉ ዴቪድ ሉዊዝ ነው፤ ሌላው ለመከላከል ወደ ኋላ የተመለሰው የእንግሊዙ ክለብ ዎልቭስ አጥቂ ራውል ሂሜኔዝ። በኮሮና ምክንያት ኤምሬትስ ስታዲየም ባዶ ስለነበር የሁለቱ ጭንቅላት ሲጋጭ ድምፁ በቴሌቪዥን ጥርት ብሎ ተሰማ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

ሂሜኔዝ ከወደቀበት አልተነሳም። ሐኪሞች ሮጠው ገቡ፣ ኦክስጅን ተደረገለት፣ በቃሬዛ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ጨዋታው ሲቀጥል ግን ዴቪድ ሉዊዝ ጭንቅላቱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ሜዳ ውስጥ ነበር። ፋሻው ቀስ እያለ ቀላ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ «ደሙ የሚታየው ይጫወታል፣ ደሙ የማይታየው በቃሬዛ ይወጣል፤ ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው?» አለ።

መልስ የሰጠው የለም። እኔም በጊዜው አላወቅሁም ነበር። ስለ ሂሜኔዝ ሲወራ «ሞቶ የተነሣው አጥቂ» እየተባለ ይታለፋል እንጂ ራሱ ላይ የደረሰው ምን እንደነበር፣ ለመመለስ ለምን ያን ያህል እንደቆየ፣ ከተመለሰ በኋላስ ግብ ለምን እንደራቀው በደንብ የሚነገር አይመስለኝም። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራውል ሂሜኔዝ ማን ነው?

በሜይ 5 ቀን 1991 ሂዳልጎ በምትባል የሜክሲኮ ግዛት፣ ቴፔሂ ዴል ሪዮ በተባለች ከተማ ተወለደ። በእግር ኳስ ያደገው ክለብ አሜሪካ ውስጥ ነው። ስሙ እንዳያሳስት፤ አሜሪካ የሜክሲኮ ሲቲ ክለብ ነው፣ በአገሩ ብዙ የሚወደድ፣ የዚያኑ ያህልም የሚጠላ። ሂሜኔዝ በዋናው ቡድን መጫወት የጀመረው በ2011 ሲሆን፣ በዓመቱ በለንደን ኦሊምፒክ ዌምብሌይ ላይ ብራዚልን 2 ለ 1 አሸንፎ ወርቅ በወሰደው የሜክሲኮ ቡድን ውስጥ ነበር።

በሜይ 2013 ደግሞ ሜክሲኮዎች እስከ ዛሬ የሚያወሩት የፍጻሜ ጨዋታ መጣ። አሜሪካ ከክሩዝ አዙል ጋር ገጠመ። በደርሶ መልስ ድምር 2 ለ 0 እየተመራ፣ በጎዶሎ ተጫዋች፣ ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት አንድ አገባ። በባከነው ሰዓት በረኛው ሞይሴስ ሙኞዝ ግቡን ጥሎ ወደ ፊት ሄደና በቴስታ አቻ አደረገ። ዋንጫው በፔናልቲ የአሜሪካ ሆነ።

ይሁንና ሂሜኔዝን መላ ሜክሲኮ ያወቀው በኦክቶበር 11 ቀን 2013 ምሽት ነው። ሜክሲኮ ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከፓናማ ጋር አዝቴካ ስታዲየም ላይ ትጫወታለች፤ በዚያ ማጣሪያ ቡድኑ ተዳክሞ ከዓለም ዋንጫው ሊቀር አፋፍ ላይ ደርሷል። ኦሪቤ ፔራልታ አገባ፣ በ81ኛው ደቂቃ ፓናማ አቻ አደረገች። በ85ኛው ደቂቃ፣ ተቀይሮ የገባው የ22 ዓመቱ ሂሜኔዝ ፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጠርዝ ላይ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ ቆሟል። ኳሷን ወደ ላይ አነሣት፣ ወደ ኋላው ተገለበጠ፣ በመቀስ ምት መታት። ገባች።

የዚያች ግብ ክብደት የታወቀው ማጣሪያው ሲያልቅ ነው። ሜክሲኮ በ11 ነጥብ፣ ፓናማ በ8 ነጥብ ጨረሱ። ጨዋታው አቻ ቢያልቅ ኖሮ ሁለቱም እኩል 9 ነጥብ ይይዙና የሜክሲኮ ዕጣ በግብ ቆጠራ ላይ ይወድቅ ነበር። ሜክሲኮ ኒውዚላንድን በደርሶ መልስ አሸንፋ ወደ ብራዚል ሄደች።

አገሩ ላይ እንዲህ የነገሠ ልጅ ማድሪድ ላይ ለምን ጠፋ?

በኦገስት 2014 አትሌቲኮ ማድሪድ ገዛው። አትሌቲኮ ያኔ የስፔን ሻምፒዮን ነው፤ ዲዬጎ ኮስታን ለቼልሲ ሸጦ በምትኩ አጥቂ እየሰበሰበ ነበር፤ በዚያው ክረምት ማንጁኪችና ግሪዝማንም መጥተዋል። ሂሜኔዝ በሊጉ ዓመቱን ሙሉ ያገባው አንድ ግብ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ የሜክሲኮን ሊግ ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። የሜክሲኮ ትልልቅ ክለቦች ሀብታም ናቸው፤ ደመወዛቸው ጥሩ ነው፣ ስታዲየማቸውም ይሞላል። ስለዚህ ጎበዝ ልጅ እንደ ብራዚል ወይም አርጀንቲና ልጆች በአሥራ ዘጠኝና በሃያ ዓመቱ ለመሸጥ አይጣደፍም፣ ክለቡም በርካሽ አይለቅም። ሲሄድ ዕድሜው ከሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ያልፋል፣ ዋጋው ከፍ ይላል፣ የሚገዛው ክለብም ለማላመድ ትዕግሥት አይኖረውም። አገር ቤት ስሙ የሚዘመርለት ሰው እዚያ ተቀያሪ ወንበር ላይ ጃኬት ለብሶ ይቀመጣል። ሂሜኔዝ ይህን ቀምሶታል።

ተጫዋች «በግማሽ» ይገዛል?

በ2015 ወደ ፖርቱጋሉ ቤንፊካ ሲሄድ የሆነው ይኸው ነው። ቤንፊካ መጀመሪያ የገዛው የሂሜኔዝን «ኢኮኖሚያዊ መብት» ግማሹን ነበር። በዓመቱ ቀሪውን ግማሽ ጨመረ፤ ጠቅላላው ወደ 22 ሚሊዮን ዩሮ ደረሰ።

ኢኮኖሚያዊ መብት ማለት ተጫዋቹ ወደፊት ሲሸጥ ከሚገኘው ገንዘብ ላይ ያለ ድርሻ ነው። ሁለት ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ገዙ እንበል። በሬው ውሎ የሚያድረው አንደኛው ደጅ ነው፤ የሚያርሰውም ለእሱ ነው። ገበያ ወጥቶ የተሸጠ ዕለት ግን ዋጋውን ለሁለት ይካፈላሉ። ሂሜኔዝ በመጀመሪያው ዓመት የሚጫወተው ለቤንፊካ ብቻ ነበር፤ ቢሸጥ ግን አትሌቲኮም እኩል ይካፈል ነበር። ፊፋ ከሜይ 2015 ጀምሮ የከለከለው ነጋዴዎችና ኩባንያዎች፣ ማለትም ክለብ ያልሆኑ ሦስተኛ ወገኖች፣ በተጫዋች ላይ እንዲህ ያለ ድርሻ መያዛቸውን ነው። ሻጭና ገዢ ክለቦች እርስ በርስ ሲካፈሉ እንደ ሦስተኛ ወገን አይቆጠሩም።

ሊዝበን ላይ ሂሜኔዝ በ2016 እና በ2017 የሊግ ሻምፒዮን ሆነ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ተቀይሮ የሚገባ አጥቂ ነበር። በ2018 ክረምት ዎልቭስ በውሰት ወሰደው፣ ከፈለገ በቋሚነት የመግዛት መብት ይዞ። ይህም ከበሬው ምሳሌ አይርቅም፤ ገበሬ በሬ ሊገዛ ሲል ጠምዶ ይሞክረዋል። ዎልቭስ ጠምዶ ሞከረ፣ ወደደ፣ በኤፕሪል 2019 በ30 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ይህ በክለቡ ታሪክ እስከዚያ ድረስ ትልቁ ዋጋ ነበር።

ዎልቭስ ላይ ምን ተለወጠ?

ዎልቭስ ያኔ ገና ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገ ክለብ ነበር። አሰልጣኙ ኑኖ ኢስፒሪቶ ሳንቶ ፖርቱጋላዊ ናቸው፤ በረኛው ሩይ ፓትሪሲዮ፣ አማካዮቹ ሩበን ኔቬስና ጆአዎ ሙቲንሆ፣ አጥቂው ዲዮጎ ጆታ ሁሉም ፖርቱጋላውያን። ሂሜኔዝ ደግሞ ሦስት ዓመት ሊዝበን ኖሮ መጥቷል። ብዙ ተጫዋች እንግሊዝ ሲደርስ የመጀመሪያው ዓመት የሚያልቀው ቋንቋና ብርድ ሲለምድ ነው። እሱ ግን መልበሻ ክፍል የገባ ዕለት ቀልድ ይገባዋል። ይህ ነገር ሁሌ ይዘነጋል፣ እኔ ግን ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ።

አጨዋወቱን ላስታውስ። ከኋላ ረጅም ኳስ ይላካል፤ ሂሜኔዝ ተከላካዩን በጀርባው ይዞ በደረቱ ያበርዳታል፤ ቀና ሳይል ለጆታ በአንድ ንክኪ ይሰጣል፤ እሱ ራሱ ዞሮ ወደ ግብ ይሮጣል። አዳማ ትራኦሬ ከቀኝ ሲያሻማ ደግሞ የሚገኘው ሁለቱ ተከላካዮች መካከል ነው። በመጀመሪያው ዓመት በሊጉ 13፣ በሁለተኛው 17 ግብ አገባ፤ ዎልቭስ በሁለቱም ዓመት 7ኛ ወጣ። ሁለተኛው ዓመት በዩሮፓ ሊግና በኮሮና ምክንያት ከጁላይ 2019 እስከ ኦገስት 2020 የተዘረጋ ነበር፤ ክለቡ 59 ጨዋታ አደረገ፤ ሂሜኔዝ በሁሉም ውድድር 27 ግብ አስቆጠረ። በመካከሉ በ2019 የሰሜንና የመካከለኛው አሜሪካ አገሮች ዋንጫ በሆነው ጎልድ ካፕ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ሜክሲኮን ዋንጫ አስበላ።

ኤምሬትስ ላይ ሲወድቅ 29 ዓመቱ ነበር። አጥቂ የሚበስልበት ዕድሜ ነው።

የራስ ቅል ስብራትና የአንጎል መናወጥ አንድ ናቸው?

አይደሉም። የሰውዬው ጥያቄ የሚፈታውም እዚህ ጋ ነው።

አማርኛችን ራሱ ይረዳናል፤ አንጎልን የያዘውን አጥንት «የራስ ቅል» እንለዋለን። ወተት የሞላበት ቅል አስቡ። ቅሉን ከግድግዳ ጋር ብታጋጩት ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ ላዩ ይፈገፈጋል፣ ቅሉም ወተቱም ደኅና ነው። ሁለተኛ፣ ቅሉ አይሰነጠቅም፣ ውስጥ ያለው ወተት ግን ይናጣል። ሦስተኛ፣ ቅሉ ራሱ ይሰነጠቃል።

የመጀመሪያው የቆዳ ቁስል ነው። የራስ ቆዳ የደም ሥር ስለሚበዛበት ትንሽ ሲቀደድ ብዙ ይደማል፤ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ደሙ ብቻውን ስለ አንጎል የሚነግረን የለም። ሁለተኛው የአንጎል መናወጥ ነው። አንጎል በቅሉ ውስጥ ፈሳሽ ላይ ተንሳፍፎ ስለሚኖር ጭንቅላት በድንገት ሲመታ ይናወጣል። አጥንት አልተሰበረም፣ ደም አልፈሰሰም፣ በራጅና በሲቲ ስካንም ብዙውን ጊዜ የሚታይ ነገር የለም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላት፣ የሆነውን መርሳት ነው። ክፋቱ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ መቻሉ ነው። ሦስተኛው ስብራት ነው፤ እሱ በምስል ይታያል።

ሂሜኔዝ ላይ የደረሰው ሦስተኛው ነው፣ ከነመዘዙ። በኋላ ራሱ እንዳስረዳው አጥንቱ ተሰብሮ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር፤ ያ ደም አንጎሉን ወደ ውስጥ ይገፋው ስለነበር ነው ቀዶ ሕክምናው በዚያው ሌሊት የተደረገው። እጅ ወይም እግር ውስጥ ደም ሲፈስ ሥጋው ያብጣል፣ ቦታ ይሰጠዋል። የራስ ቅል ግን አይለጠጥም። ውስጥ የፈሰሰ ደም የሚያገኘው ቦታ የአንጎልን ቦታ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ሰዓት ሕይወት ነው፤ ሜዳ ላይ ፈጥነው ኦክስጅን የሰጡት፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የወሰዱት ሐኪሞች ከማንኛውም ግብ የበለጠ ሥራ ሠርተዋል። ሂሜኔዝ ያን ጨዋታ እንደማያስታውሰው ተናግሯል።

ታዲያ ዴቪድ ሉዊዝ ለምን ቀጠለ?

በጊዜው የነበረው አሠራር የክለቡ ሐኪም ሜዳ ላይ ተጫዋቹን መርምሮ እንዲወስን ነበር። ምርመራው ጥያቄዎች አሉበት፦ የት ስታዲየም ነን? ስንተኛው አጋማሽ ነው? መጨረሻ ያገባው ማን ነው? ባለፈው ሳምንት ከማን ጋር ተጫወታችሁ? አሸነፋችሁ? በትክክል ከመለሰና ሌላ ምልክት ከሌለው እንዲቀጥል ይፈቀድለታል። አርሰናል ይህን ሥርዓት መከተሉን ገለጸ። በእረፍት ሰዓት ግን ዴቪድ ሉዊዝ ኳስ በጭንቅላት መምታት ስላልተመቸው ተቀየረ።

እኔ ሐኪሙ ላይ ጣት አልቀስርም። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነበር። ብዙ ሺህ ሰው በሚጮህበት ሜዳ ላይ፣ ዳኛው ሰዓቱን እያየ፣ ተጫዋቹ «ደኅና ነኝ» እያለ፣ ቡድኑ አንድ ሰው ጎድሎት እየተጠበቀ፣ ሐኪም በሦስት ደቂቃ ውስጥ የማይታይ ጉዳት እንዲያገኝ ይጠየቃል። ቅያሪውም የተቆጠረ ነው፤ ለጥርጣሬ አንዱን ማቃጠል አሰልጣኙን ይከብደዋል። የተናወጠ አንጎል ሳያገግም ሁለተኛ ከተመታ ደግሞ ጉዳቱ ከመጀመሪያው በብዙ ሊከፋ፣ ሊገድልም ይችላል። አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተቀየረ ነገር አለ?

አለ። ጉዳዩ ቀድሞም ሲነሣ የቆየ ነው፤ የኤምሬትሱ ግጭት ግን የዓለም ዓይን ሥር አዋለው። የእግር ኳስ ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ በዲሴምበር 2020 ሙከራ ፈቀደ፣ ፕሪሚየር ሊግ በፌብሩዋሪ 2021 ጀመረው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ተጫዋች አንጎሉ ተናውጧል ተብሎ ከተጠረጠረ ይቀየራል፣ ቅያሪውም ከመደበኛው ቁጥር አይቀነስም። የወጣው በዚያ ጨዋታ አይመለስም። ቡድኖች እንዳያጭበረብሩበት ለተጋጣሚውም ተጨማሪ ቅያሪ ይሰጠዋል። ከ2024 ጀምሮ ውድድሮች ሊጠቀሙበት የሚችሉ ሆኖ በሕጉ መጽሐፍ ገብቷል።

ያልተዘጋ ክርክር አለ። በራግቢ የተጠረጠረ ተጫዋች ለጊዜው ወጥቶ፣ ሌላ ተተክቶለት፣ በጸጥታ ክፍል ውስጥ ይመረመርና ደኅና ከሆነ ይመለሳል። የተጫዋቾች ማኅበራት በእግር ኳስም ይኸው እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ሕግ አውጪዎቹ ደግሞ ምልክቱ ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል መመለስ አደገኛ ነው ይላሉ።

ይህ ሁሉ ስለ እንግሊዝ ይምሰል እንጂ እኛም ሰፈር ይመለከተዋል። ልጅ ሆኜ ሜዳችን ላይ ከቋሚ ብረት ጋር የተጋጨ ጓደኛችንን ውሃ አፍስሰንበት፣ «ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ተነሥ» ብለን አስነሥተን አጫውተነዋል። ማታ ሲያስመልሰው አደረ። ተረፈ እንጂ፣ ያደረግነውን ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። እንደዚያ የተመታ ሰው የዚያን ቀን አይጫወትም፣ ብቻውን አይተውም፤ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከደነዘዘ ወይም ንግግሩ ከተሳከረ ሐኪም ቤት ይወሰዳል።

አጥንት የሚገጥመው በወራት ነው፤ እሱ ለምን ይህን ያህል ቆየ?

ምክንያቱም አጥንት መግጠሙ የመጨረሻው አይደለም። የተሰበረው ቦታ ድጋሚ ምት መቻሉ መረጋገጥ አለበት፤ የአንጎሉ ማገገም በሐኪሞች መታየት አለበት፤ ከዚያ ነው ኳስ በጭንቅላት መምታት ከቀላሉ ጀምሮ የሚመለሰው። ሌላ የማይለካ ነገርም አለ። አጥቂ የሚኖረው ቀድሞ በመዝለሉ ነው፤ አንድ አፍታ «እጋጭ ይሆን?» ብሎ ካመነታ ተከላካዩ ወስዶበታል።

ከእሱ በፊት ሁለት መንገድ ታይቶ ነበር። የቼልሲው በረኛ ፒተር ቼክ በኦክቶበር 2006 ሬዲንግ ላይ የራስ ቅሉ ተሰብሮ በጃንዋሪ 2007 ተመለሰ፤ ያን ጥቁር የራስ መከላከያውንም እስከ ጨረሰበት ቀን አላወለቀውም። የሃል ሲቲው ሪያን ሜሰን ደግሞ በጃንዋሪ 2017 ከቼልሲው ጋሪ ካሂል ጋር ተጋጭቶ የራስ ቅሉ ተሰበረ፤ ለመመለስ ዓመት ከታገለ በኋላ በሐኪሞች ምክር በ26 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። ሂሜኔዝ ሆስፒታል ሲገባ የትኛው መንገድ እንደሚጠብቀው የሚያውቅ አልነበረም።

በ2021 ክረምት በወዳጅነት ጨዋታ ታየ፤ ኦገስት ላይ ከሌስተር ጋር ወደ ሊጉ ተመለሰ። ሴፕቴምበር 26 ሳውዝሃምፕተን ላይ በረኛው ጆዜ ሳ በረጅሙ የላከውን ኳስ ተቀበለ፤ ሁለት ተከላካዮች ተንጠላጥለውበት ገፍቶ፣ አንዱን አታልሎ በጠባቡ አገባት። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ። ከዚያ በፊት በሊጉ ያገባው ኦክቶበር 2020 ነበር፤ ወደ 11 ወር ሆኖታል።

ራሱ ላይ የሚያስረው ነገር ምን ይሠራለታል?

ሂሜኔዝ ከተመለሰ ወዲህ ራሱ ላይ ጥቁር ማሰሪያ አድርጎ ነው የሚጫወተው። ብዙ ሰው ያ ማሰሪያ አንጎሉን የሚጠብቅለት ይመስለዋል። ማሰሪያው የሚጠብቀው የተጠገነውን አጥንት ነው፤ ክርን ወይም ጭንቅላት በቀጥታ ቢያርፍበት ምቱን ያለዝባል። ውስጥ ያለው አንጎል እንዳይናወጥ ግን ሊያደርግ አይችልም። ቅሉን በጨርቅ ብትጠቀልሉት ቅሉ ላይሰነጠቅ ይችላል፣ ብትወዘውዙት ግን ወተቱ መናጡ አይቀርም። ለዚህ ነው ሐኪሞች «ማሰሪያ አድርጓል» ብለው ማንንም ከምርመራ የማያሳልፉት።

ከተመለሰ በኋላ ግብ ለምን ራቀው?

ቁጥሩ ይናገራል፦ በ2021/22 በሊጉ 6 ግብ፣ በ2022/23 አንድም። «አለቀለት፣ ፈርቷል» ተባለ። እኔ በአንድ ምክንያት ማሳበቡን አልቀበልም። ጆታ በ2020 ወደ ሊቨርፑል ሄዷል፤ ኑኖ በ2021 ለቀቁ፤ ዎልቭስ በእነዚያ ዓመታት ከሊጉ ጥቂት ግብ ከሚያገቡ ቡድኖች አንዱ ሆኖ ነበር። በ2022 ደግሞ ብሽሽቱ አካባቢ ተጎድቶ ወራት አለፉ፤ ወደ ኳታሩ የዓለም ዋንጫ የሄደውም ጤናው ሳይሟላ ነው። ሜክሲኮ ከ1978 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድብ ወደቀች። ሂሜኔዝ በ2014፣ በ2018 እና በ2022 የዓለም ዋንጫ ተሳትፎ አንድም ግብ የለውም፤ ከመዝገቡ የጎደለው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

በ2023 ክረምት ፉልሃም በአምስት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወሰደው። ከአራት ዓመት በፊት 30 ሚሊዮን የወጣበት ሰው። ብዙም ሳይቆይ አሌክሳንደር ሚትሮቪች ወደ ሳውዲ ሄደና የዘጠኝ ቁጥሩ ቦታ ባዶ ቀረ። አሰልጣኙ ማርኮ ሲልቫ ደግሞ ፖርቱጋላዊ ናቸው። የመጀመሪያ ግቡ እስከ ኖቬምበር ዘገየች፤ ዓመቱን በ7 ግብ ጨረሰ። በ2024/25 ግን በሊጉ 12 አገባ፣ በ34 ዓመቱ ደጃፍ ላይ። ያን ዓመት ያዩት ሰዎች የድሮውን ሂሜኔዝ አየን ይላሉ። እኔ የተለየ ሰው ነው ያየሁት፤ ሩጫው ቀንሷል፣ የሚቆምበትን ቦታ ግን ከቀድሞ በተሻለ ያውቃል።

ፔናልቲ ሲመታ ለምን ይዘላል?

ሲሮጥ ዝግ ይልና ከኳሷ አጠገብ ትንሽ ዘለል ይላል፤ በዚያች ቅጽበት የበረኛውን እግር ያያል፤ በረኛው ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ወደ ሌላው ያስገባል። ሕጉ በሩጫው ላይ ማታለልን ይፈቅዳል። የሚከለከለው ሩጫውን ጨርሶ ሊመታ ሲል እግሩን አንሥቶ ማስመሰል ነው፤ ያ በቢጫ ካርድ ያስቀጣል። ዘዴው ሁልጊዜ አይሠራም፤ በኦገስት 2020 በዩሮፓ ሊግ ሩብ ፍጻሜ የሲቪያው በረኛ ያሲን ቡኑ ሳይንቀሳቀስ ጠብቆ አድኖበታል፤ ዎልቭስም 1 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ።

አሁን የት ነው ያለው?

2025 የሜክሲኮ ዓመቱ ሆነ። በማርች በኮንካካፍ ኔሽንስ ሊግ ካናዳ ላይ ሁለት፣ በፍጻሜው ፓናማ ላይ ሁለት ግብ አገባ፤ የመጨረሻዋ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የመጣች ፔናልቲ ነበረች። ፓናማ፣ ያቺው የመቀስ ምቱ ፓናማ። በብሔራዊ ቡድኑ ከ40 በላይ ግብ አስቆጥሯል፤ የአገሪቱ ሪከርድ የሃቪየር ሄርናንዴዝ 52 ነው።

ከዚያ ጁላይ 3 ላይ ዲዮጎ ጆታ ከወንድሙ ጋር በመኪና አደጋ ስፔን ውስጥ አረፈ። በሦስተኛው ቀን ሜክሲኮ ሂውስተን ላይ በጎልድ ካፕ ፍጻሜ ከአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ጋር ተጫወተች። አሜሪካ ገና በአራተኛው ደቂቃ መራች። በ27ኛው ደቂቃ ሂሜኔዝ ኳሷን በኃይል መቶ ከላይኛው መረብ ስር አሳረፋት፤ ወደ መስመሩ ሮጠ፤ የሜክሲኮን ማልያ ተቀበለ። ጀርባው ላይ የጆታ ስምና 20 ቁጥር ነበር። ማልያውን ወደ ካሜራው ከፍ አድርጎ አሳየ። ኤድሰን አልቫሬዝ ሁለተኛውን ጨምሮ ሜክሲኮ 2 ለ 1 አሸነፈች።

ሜክሲኮ ከአሜሪካና ከካናዳ ጋር በጋራ ለምታዘጋጀው የ2026 የዓለም ዋንጫ የመክፈቻው ጨዋታ ሜዳ ሆኖ የተመረጠው አዝቴካ ነው፤ ጁን 11፣ ሜክሲኮ ከደቡብ አፍሪካ። ሂሜኔዝ በ22 ዓመቱ፣ ራሱ ላይ ምንም ሳያስር፣ ወደ ኋላው የተገለበጠበት ሜዳ።